ኢንሶሉን ከመግዛትሽ በፊት፦ ስለ ውስጥ እግር ግፊትና ስለ ባት ጡንቻ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሰላም፣ 27 አመቴ ነው፣ ባህር ዳር ባንክ ውስጥ ነው ምሰራው። ከስድስት ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፣ ወደ 8 ኪሎ ሜትር። በፊት ጣና ዳር ሜዳ ሜዳውን ነበር፣ ካንድ ወር ተኩል ወዲህ ግን ቤዛዊት ኮረብታ ድረስ ወጥቼ ነው ምመለሰው። ሁለቱም ቅልጥሜ በውስጥ በኩል ወደ ታች ያመኛል፣ ስጀምር ያመኛል፣ ሲሞቀኝ ይተወኛል፣ ማታ ይመለሳል። ጫማዬ ሰልባጅ ነው ግን አሪፍ ብራንድ ነው። አንድ ሱቅ ኦርቶፔዲክ ኢንሶል (ጫማ ውስጥ ሚነጠፍ የእግር መደገፊያ) 3,500 ብር አለኝ፣ ሻጩ ግፊቱን ያጠፋልሻል ይላል። አብራኝ ምትሮጠው ጓደኛዬ ደግሞ ኢንሶል ጡንቻ ያሰንፋል፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው ትለኛለች። ማንን ልመን?»

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም ስለ ኢንሶል ሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው ግን አብዛኛው «የቱ ብራንድ ይሻላል» ብቻ ነው ሚለኝ፣ አንቺ ግን የት እንደምትሮጪ፣ መቼ እንደጀመረሽ፣ የቱጋ እንደሚያምሽ ሁሉንም ፅፈሻል፣ ግማሹ መልስ እዛው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እዚሁ ባህር ዳር ነው ምሰራው፣ ሯጭም ኳስ ተጫዋችም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሚውል አስተናጋጅና አስተማሪም እኔ ጋ ይመጣል። ቅልጥምሽን በእጄ ሳልነካ ምርመራ ልሰጥሽ አልችልም፣ ስለ ኢንሶሉ ግን በደንብ ላወራሽ እችላለሁ። ሻጩም ጓደኛሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ነው የያዙት። ኢንሶል ግፊት አያጠፋም፣ ግፊትን ከቦታ ቦታ ያዛውራል። ጡንቻንም ዝም ብሎ አያሰንፍም፣ ግን የጡንቻን ስራ ይነካካል፣ እንዴት እንደሚነካ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ያንቺ ህመም እንደሚመስለኝ የመጣው ከቤዛዊት ጋር ነው፣ ስለዚ ብሩን ለሁለት ሳምንት ያዥው።

መጀመሪያ እግርሽ ላይ ምን እንደሚያርፍ እንቁጠር። ሰው ሲሮጥ በያንዳንዱ ርምጃ አንዱ እግር ብቻውን የሰውነቱን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ሚሆን ሃይል ነው ሚቀበለው። 60 ኪሎ ነሽ እንበል፣ በያንዳንዱ ርምጃ 150 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው፣ እሱም በሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተቀብለሽው ገፍተሽ ምትነሺበት። በደቂቃ 165 ርምጃ ብትረግጪና አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ብትጨርሺ 8 ኪሎ ሜትሩ 48 ደቂቃ ይፈጃል፣ ወደ 7,900 ርምጃ ነው፣ ለያንዳንዱ እግር 4,000 ሊሞላ ትንሽ ሚቀረው። በሳምንት አራት ቀን ብለሽ አባዢው። ይሄን ሁሉ ሚሸከመው 26 አጥንትና 33 መገጣጠሚያ ያለው፣ በእጅሽ ጨብጠሽ ምትይዢው እግር ነው፣ እኔ ስንት አመት እየነካሁት እስካሁን ሚገርመኝ አካል ነው።

አሁን ሃይልና ግፊት ይለዩልኝ። ጣና ዳር ደንገሉ ጋ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ባዶውን ጭቃ ከረገጥሽው እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ትገቢያለሽ፣ የታጨደ ደንገል አንጥፈሽ ከረገጥሽው ግን ብዙም አትሰምጪም። ክብደትሽ በዛች ሰከንድ አልቀነሰም፣ ያው 60 ኪሎ ነሽ፣ የተለወጠው ክብደትሽ ያረፈበት ስፋት ነው። ግፊት ማለት ይሄው ነው፣ ሃይሉ በስፋቱ ላይ ሲካፈል። ኢንሶል ሚሰራው የደንገሉን ስራ ነው። ውስጥ እግርሽ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ስትቆሚ ተረከዝሽና ከጣቶችሽ ኋላ ያለው ወፍራሙ ክፍል ናቸው አብዛኛውን ሚሸከሙት፣ ቅርፅ ያለው ኢንሶል ግን ከስር መጥቶ ጎድጓዳውን ስለሚሞላው መሃሉም ስራ ይካፈላል ማለት ነው።

ጫማ ውስጥ እንደ ካርቶን ስስ የሆነ ሰንሰር አስገብተው እያስሮጡ ሲለኩት ሚታየውም ይሄው ነው፣ ቅርፅ ያለው ኢንሶል ሲገባ ተረከዝ ላይ ያለው ከፍተኛ ግፊት ይቀንሳል፣ የመሃል እግር ግፊት ደግሞ ይጨምራል። ይጨምራል ነው ያልኩሽ፣ ሻጩ ይሄን አልነገረሽም። ከተረከዝሽ የተነሳው ሸክም የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፣ ሄዶ ሚያርፍበት ቦታ ለሸክም ያልለመደ ከሆነ ደግሞ እዛ ያምሻል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ወይ ያቃጥልሻል። ኢንሶል አርገው በሳምንቱ «መሃል እግሬን ድንጋይ የረገጥኩ ይመስለኛል» ብለው ሚመጡ ሰዎች ህመማቸው የውሸት አይደለም፣ እውነትም ሸክሙ እዛ ሄዷል።

ከጣት ስር ለሚያማቸው ሰዎች ምናረጋት ትንሽ ጉብታ አለች፣ ባቄላ ምታክል ወይ ትንሽ ተለቅ ያለች። ብዙ ሰው ሚያመው ቦታ ላይ በቀጥታ ያስቀምጣታል፣ እንደሱ ካረጋት ህመሙን ያብሰዋል። መቀመጥ ያለባት ከሚያመው አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ ነው፣ አጥንቶቹን ከኋላቸው ደግፋ ቀና እንድታረግ። በሚሊ ሜትር ነው ልዩነቱ፣ ትንሽ ወደፊት ካለፈች ግፊቱን ራሱ አጥንቱ ላይ ትከምረዋለች። እኔ ራሴ ሳስቀምጣት መጀመሪያ በፕላስተር አጣብቄ ሰውየውን ኮሪደሩ ላይ አስራምደዋለሁ፣ «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ ኋላ»፣ «አሁንስ?»፣ ሶስቴ አራቴ አንቀሳቅሰን ነው በማስቲሽ ምትጣበቀው።

ለስላሳው ስፖንጅስ? ሱቅ ውስጥ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፣ ጣትሽ ወዲያው ከስር ያለውን ጠንካራ ነገር ከነካ 150 ኪሎ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን አስቢው። መጀመሪያ ቀን ደመና የረገጥሽ ይመስልሻል፣ በሳምንታት ውስጥ ተረከዝ ስር ያለው ቦታ ተጨፍልቆ ይቀራል። ጠንካራ ሚባሉት ደግሞ በፕላስቲክ የተደገፉት ናቸው፣ እነሱ ቅርፃቸውን ይይዛሉ ግን ከእግርሽ ቅርፅ ጋር ካልተስማሙ አይለቁሽም። ለሯጭ እኔ መካከለኛውን ነው ምመርጠው፣ ጠበቅ ያለ ስፖንጅ ሆኖ ተረከዙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ዙሪያውን ከፍ ያለ።

ባለፈው አንድ ልጅ መጣ፣ ጫማውን አውልቅ አልኩት፣ ኢንሶሉን ጎትቼ አወጣሁት፣ ጥቁር ነበር፣ ላቡ ደርቆ ጨው ሰርቶበታል። መስኮት ጋ ወስጄ አየሁት። የሁለተኛው ጣት ስር ያለው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሳስቷል፣ የአውራ ጣቱ ስር ግን ምንም አልሆነም። እግሩን ሳየው አውራ ጣቱ ወደ ላይ አልታጠፍ ብሎታል፣ ተገትሯል፣ ስለዚ ሲገፋ በአውራ ጣቱ መግፋት ትቶ በሁለተኛው ነበር ሚገፋው። ያለ ምንም ማሽን አሮጌው ኢንሶል ነው የነገረኝ። አንቺም ዛሬ ማታ አውጥተሽ እይው። አሁን ግን አንድ ችግር አለ፣ ጫማሽ ሰልባጅ ነው ብለሻል፣ ውስጡ ያለው ዱካ ያንቺ ላይሆን ይችላል! ሌላ ሰው ሌላ አገር ለወራት ረግጦ ያጎደጎደው ቦታ ላይ ነው እየሮጥሽ ያለሽው። እንደ እውነቱ ከሆነ ኢንሶል መቀየር አለበት ብዬ ሳልጠራጠር ምናገረው እንደዚ አይነት ጫማ ላይ ነው፣ እሱም ውድ ኦርቶፔዲክ ሳይሆን ንፁህ፣ ደህና፣ ቅርፁን ያልቀየረ ኢንሶል። ሌላም ነገር አረጋግጪ፣ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ በተረከዙ በኩል እይው፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የውጪው ሶል ራሱ አልቋል፣ ዘንበል ያለ ሶል ላይ ምንም ኢንሶል ብታስገቢ ኢንሶሉም አብሮ ነው ሚያዘነብለው።

ወደ ጡንቻው ልምጣ፣ ጓደኛሽ ያነሳችው ጉዳይ ቀላል አይደለም።

ጡንቻ ሲሰራ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ቆዳ ላይ በተለጠፈ ወይ በቀጭን ሽቦ ገብቶ በሚለካ መሳሪያ ይታያል፣ ኢኤምጂ ይባላል። ኢንሶል አርገው ያለ ኢንሶልም እያስኬዱና እያስሮጡ ብዙ ሰው ለክተዋል፣ ውጤቱ አንድ አይነት አይደለም። ትንሽ ደጋግሞ የታየው ጠፍጣፋ እግር ያላቸው ሰዎች ላይ ነው። ከቅልጥም ኋላ ተነስቶ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ዞሮ ውስጥ እግር ስር ሚገባ ጡንቻ አለ፣ ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ይባላል፣ ስራው የውስጥ እግር ቅስት (ያ ቅድም ያልኩሽ መሃሉ ጎድጎድ ያለው ቦታ) ከልክ በላይ እንዳይወድቅ መያዝ ነው። እነዚህ ሰዎች ቅስት ሚደግፍ ኢንሶል አርገው ሲራመዱ የዚህ ጡንቻ ስራ ቀንሶ ታይቷል፣ በውጪ በኩል ያለው ፐሮኒየስ ሚባለው ጡንቻ ስራ ደግሞ ትንሽ ጨምሯል። ግፊቱ እንደተዛወረው ማለት ነው፣ አንዱ ጡንቻ ሲያርፍ ሌላው ይሰራል። ያንቺ ህመም ካለበት ቦታ ጋር ሚገናኘውም እዚጋ ነው፣ የቅልጥም ውስጠኛ ጎን ታችኛው ክፍል ላይ አጥንቱን ይዘው ሚጎትቱት ከባት ስር ያለው ሶሊየስ ሚባለው ጡንቻና እነዚህ ጥልቅ ጡንቻዎች ናቸው፣ አጥንቱም ራሱ በየርምጃው በትንሹ ይታጠፋል። ስለዚ ቅስት ሚደግፍ ኢንሶል ለአንዳንድ ሰው ቅልጥሙን ሚያሳርፈው በከንቱ አይደለም።

ግን ሁሉም ሰው ላይ አይሰራም። ካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም አመት የሰሩት ቤኖ ኒግ ሚባሉ ተመራማሪ ያመጡት ሃሳብ አለ፣ እኔ ስራዬን በሱ ነው የለወጥኩት ማለት እችላለሁ። በፊት ሰው ሁሉ ሚያስበው ኢንሶል አጥንትን ቀጥ ያረጋል፣ እግር ወደ ውስጥ ሲወድቅ ያቃናዋል ብሎ ነበር። ሲለካ ግን አጥንቱ ሚለወጠው በጣም ጥቂት ነው። የሳቸው ሃሳብ እንዲህ ነው፣ ሰውነት ራሱ ሚወደው የአካሄድ መንገድ አለው፣ ጡንቻዎችም እግር መሬት ሳይነካ ገና አየር ላይ እያለ ቀድመው ይወጠራሉ፣ ሚመጣውን ምት እንደሚያውቁት አርገው። ኢንሶሉ ካንቺ መንገድ ጋር ከተስማማ ጡንቻዎችሽ ትንሽ ሰርተው ያልፋሉ፣ ካልተስማማ ግን እግርሽን ወደ ለመደው መንገድ ለመመለስ በየርምጃው ይታገላሉ፣ ያም ድካም ነው። አንቺ ይሄን በምን ታውቂዋለሽ? በምቾት። ወታደሮች ከብዙ ኢንሶል መሃል የሚመቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያረጉ ተደርጎ ካላረጉት ጋር ሲነፃፀሩ ጉዳታቸው አንሶ ነው የተገኘው፣ የመረጡት ደግሞ አንድ አይነት አልነበረም፣ ለአንዱ ጠንካራው ለሌላው ለስላሳው ነው የተመቸው። ስለዚ «ኦርቶፔዲክ ነው ግድ ትለምጂዋለሽ» ሚልሽን ሻጭ አትስሚ። ሱቁ ውስጥ አርገሽው አምስት ደቂቃ ተራምደሽ ካልተመቸሽ ላንቺ አልተሰራም።

ለስላሳና ምት ያበርዳሉ ተብለው ሚሸጡት ኢንሶሎች ጉዳት እንደሚከላከሉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ አልተረጋገጠም፣ ቅርፅ ያላቸው ግን በተለይ ምልምል ወታደሮች ላይ መጠነኛ ጥቅም አሳይተዋል፣ የቅልጥም ህመምንም ጨምሮ። መጠነኛ ነው፣ ተአምር አይደለም።

ያሰንፋል ወይ ላልሽው፣ ቅስት ደጋፊ ኢንሶል ለ12 ሳምንት ያረጉ ሰዎች ላይ አንዳንድ የውስጥ እግር ትናንሽ ጡንቻዎች መጠናቸው ቀንሶ የተገኘበት ጥናት አለ፣ ስለዚ ጓደኛሽ ከሜዳ ተነስታ አይደለም ያወራችው። ሌላም ልጨምርላት። የውስጥ እግር ቅስት እንደ ስፕሪንግ ነው፣ ስትረግጪ ይለጠጣል ስትነሺ ተመልሶ ይገፋሻል። አንድ ጥናት ቅስቱ እንዳይለጠጥ ሚያረግ ኢንሶል አስገብቶ ሰዎችን ሜዳ ላይ ሲያስሮጥ ሰውነታቸው ሚያወጣው ጉልበት 6 በመቶ አካባቢ ጨምሯል። ስፕሪንጉን አስረሽ ስትሮጪ በባትሽ ነው ምትከፍይው። ለዛ ነው ቅስት ስር እንደ ድንጋይ ከፍ ያለና ማይታጠፍ ኢንሶል ለጤነኛ ሯጭ ማልሰጠው።

አበበ ቢቂላን ካነሳን ሙሉውን እናንሳው። 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰአት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ የአለም ምርጥ ሰአት ነበር። ከአራት አመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አርጎ 2 ሰአት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፣ ያም የአለም ምርጥ ሰአት ነበር። ያው አበበ ነው፣ ያው እግር ነው። ባዶ እግሩን የሮጠው እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶው መሬት የረገጠ፣ አመታት የፈጀ ጅማትና ጡንቻ ያለው እግር ነው፣ ባንክ ወንበር ላይ ስምንት ሰአት ተቀምጦ ሚውል እግር ነገ ጫማ አውልቆ ልሂድ ቢል በወሩ የተረከዝ ጅማቱ ይጮሃል። ለጓደኛሽም ንገሪልኝ፣ እኛ አገር ባዶ እግር ሚባለው ምክር በጥንቃቄ ነው፣ በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለአመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ እንደሚያመጣ እናውቃለን፣ የጣና ዳርቻ ውሃ ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። እግር ማጠንከር ከፈለገች ቤቷ ውስጥ፣ ንፁህ ሳር ላይ፣ በትንሽ በትንሹ።

አሁን ቤዛዊት። ባህር ዳር ሜዳ ከተማ ነች፣ አራት ወር ተኩል ሜዳ ሮጠሻል፣ እግርሽ ሜዳ ነው የለመደው። ከዛ ባንድ ጊዜ ኮረብታ። ሁሉም ሰው ዳገቱ ነው የጎዳኝ ይላል ምክንያቱም ትንፋሹን ሚያስወጣው እሱ ነው፣ ላይ ደርሶ አባይን ቁልቁል እያየ ያርፍና ቁልቁለቱን እንደ ሽልማት ይለቀዋል። አጥንቱን ሚመታው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሲለካ 9 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ የመጀመሪያው ምት ከሜዳው 54 በመቶ ጨምሮ ነው የተገኘው። ላይኛው እግርሽ ፍሬን እየያዘ፣ ርምጃሽ እየረዘመ፣ ተረከዝሽ ከፊትሽ ርቆ እየተመታ ነው ምትወርጂው። በዛ ላይ ኮብልስቶን ካለበት ቁርጭምጭሚትሽ በየርምጃው አቅጣጫ ይቀይራል፣ እነዛ ቅድም ያልኩሽ የቅልጥም ጡንቻዎች ደግሞ እሱን ለማስተካከል እረፍት የላቸውም። 3,500 ብር ከፍለሽ ኢንሶሉን አስገብተሽ በሳምንት አራት ቀን በዛው ቁልቁለት ከወረድሽ ምን ይለወጣል?

ስለዚ እኔ ብሆን እንዲህ ነው ማረገው። ሁለት ሳምንት ቤዛዊት ይቅር፣ ሜዳውን ሩጪ ግን በግማሽ፣ 4 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቀን እየዘለልሽ። ህመሙን ከዜሮ እስከ አስር ስትሰጪው ከሁለት ካለፈ ተራመጂ። ሰላሳ ሰከንድ ርምጃሽን ቁጠሪና በሁለት አባዢው፣ 160 ከሆነ ወደ 170 ለማድረስ ርምጃሽን አሳጥሪ፣ ፍጥነትሽን ሳይሆን ርምጃሽን ነው ያልኩሽ። እንደዚ ሲሆን ጉልበትና ዳሌ ላይ ሚያርፈው ጫና እንደሚቀንስ ተለክቷል፣ እኔ ለቅልጥምም እጠቀምበታለሁ።

ከዛ ባትሽን ስሪው፣ ብዙ ሰው ሚዘለው ይሄን ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ በፊት እግርሽ ቁሚ፣ ግድግዳ ያዢ፣ በሁለት እግር ተነሺ በአንድ እግር ውረጂ፣ ስትወርጂ ሶስት እየቆጠርሽ። መጀመሪያ ጉልበትሽ ቀጥ ብሎ 12 ጊዜ፣ ቀጥሎ ጉልበትሽን ትንሽ አጥፈሽ 12 ጊዜ፣ ሶሊየስ ይበልጥ ሚሰራው ሲታጠፍ ነው። ሶስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለልሽ። ወጣት ሰው በአንድ እግሩ 25 ጊዜ አካባቢ መነሳት አለበት፣ እስቲ ዛሬ ሞክሪውና ስንት እንደደረስሽ ፃፊልኝ፣ ሩጫ ላይ ጎበዝ ሆነው 11 ላይ ሚንቀጠቀጡ ልጆች አይቻለሁ። ሌላው ስራ ቦታሽ ላይ ጠረጴዛ ስር ምትሰሪው ነው፣ ጫማሽን አውልቀሽ ጣቶችሽን ሳታጥፊ የአውራ ጣትሽን ስር ወደ ተረከዝሽ ለመሳብ ሞክሪ፣ ቅስትሽ ከፍ ይላል፣ አምስት ሰከንድ ያዢ። መጀመሪያ ቀን ምንም አይንቀሳቀስም፣ ያናድዳል፣ በሳምንቱ ይመጣል። ኢንሶል ያረገ ሰው ይሄን ከሰራ ጡንቻው ሚሰንፍበት ምክንያት አይታየኝም፣ ጓደኛሽም አንቺም እዚ ላይ ትስማማላችሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አሁንም ካመመሽ ያኔ ኢንሶል እንሞክር። ጫማሽ ውስጥ ያለውን አውጥተሽ ነው ምታስገቢው እንጂ በላዩ ላይ አትደርቢ፣ ከደረብሽ ተረከዝሽ ከጫማው ኋላ ወጥቶ ይንሸራተታል፣ ጣቶችሽም ከላይ ይጫናሉ፣ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ስትገዢ ጫማሽንም ካልሲሽንም ይዘሽ ሂጂ። አንዳንድ ሊስትሮዎች ጥሩ አርገው ልክ ይቆርጡታል፣ ግን ከጣት በኩል ብቻ ነው ሚቆረጠው፣ ተረከዙንና ቅስቱን እንዳይነኩት። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰአት በመራመድ፣ በነጋታው ሁለት ሰአት፣ እንደዚ እየጨመርሽ ሳምንት ከሞላሽ በኋላ ነው 1 ወይ 2 ኪሎ ሜትር ምትሮጪበት።

ይሄን በችግር ነው የተማርኩት። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው አመት ገደማ ጠፍጣፋ እግር ያለው የ19 አመት ሯጭ መጣልኝ፣ እንዳንቺ ቅልጥሙን ያመዋል፣ ከፍ ያለ ቅስት ያለው ኢንሶል ሰጠሁትና በዛው ቀን ሩጥበት አልኩት። ቅልጥሙ ተሻለው፣ ደስ አለን፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቱን በውጪ በኩል ይዞ ተመለሰ። ውድድር አምልጦታል። እኔ ያዛወርኩት ሸክም የት እንደሄደ አላየሁም ነበር። ቅስቱን በምላጭ ገዝግዤ ግማሹን አነሳሁለት፣ ቀስ አርገን አለማመድነው፣ ተስተካከለ፣ ግን ያ ውድድር አልተመለሰለትም፣ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ስለዚ ቅልጥምሽ ተሽሎሽ ጉልበትሽ፣ ዳሌሽ ወይ ወገብሽ ከጀመረሽ «ልለምደው ነው» አትበይ፣ አውጪው።

ከተሻለሽም እድሜ ልክሽን አትታሰሪበት፣ ሶስት ወር አካባቢ ስትሰሪ ቆይተሽ ባትሽ ሲጠነክር በአጭር ሩጫ ላይ ያለሱ ሞክሪ። ይሄ ላንቺ ነው እንጂ የስኳር ህመም ኖሮት እግሩ ሚደነዝዘው ሰው ላይ አይሰራም፣ ለሱ ኢንሶል ቁስል መከላከያ ነው፣ ግፊቱ አንድ ቦታ ከተከመረ ሳይሰማው ይቆስላል፣ ቤተሰብሽ ውስጥ እንደዛ ያለ ሰው ካለ በምቾቱ ሳይሆን በባለሙያ ነው ሚመረጥለት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ዛሬውኑ አረጋግጪልኝ። ቅልጥምሽን በጣትሽ ከላይ ወደታች እየተጫንሽ ሂጂ። ህመሙ አንድ ስንዝር ያህል ተዘርግቶ ከሆነ እስካሁን ያወራነው ነው። አንዲት ጣት ምታርፍበት ነጥብ ላይ ብቻ ጩሂ ጩሂ ሚልሽ ከሆነ፣ ወይ ተኝተሽ ሌሊት ሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ ወይ በአንድ እግርሽ ስትዘይ አጥንቱ ውስጥ ሚወጋሽ ከሆነ ሩጫ ዛሬ ይቁም፣ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ኤክስሬይ ተነስተሽ ምንም የለም ቢሉሽም አትዘናጊ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ሳምንታት ኤክስሬይ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። የወር አበባሽ ተዛብቶ ወይ ቀርቶ ከሆነም ለሃኪም ተናገሪ፣ አታፍሪ፣ በቂ ሳይበሉ ብዙ መሮጥ አጥንትን ያሳሳል። ምጠይቅሽ ምክንያት አለኝ፣ ሁዳዴን እየፆሙ ጠዋት በባዶ ሆድ ሮጠው እስከ ዘጠኝ ሰአት ምንም ማይቀምሱ ልጆች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የፆም ሰሞን ሩጫሽን ወደ ማታ አዙሪው፣ ከምግብሽ አስጠግተሽ፣ ርቀቱንም ቀንሺ።

ማታ ኢንሶሉን ስታወጪ የላዩንም የስሩንም ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ ብርሃን ባለበት፣ የግራና የቀኝ ጎን ለጎን አርገሽ። በግራና በቀኝ እግርሽ ስንት ስንት ጊዜ እንደተነሳሽም አብረሽ ፃፊው፣ ግራና ቀኝ ከአራት በላይ ከተለያየ ልምምዱን ትንሽ ነው ምቀይርልሽ።